ከቆቦ የተነሣ ጭነት አዲስ አበባ የት ይራገፍ?

የማራገፊያ ቦታና የመግቢያ ሰዓት ምርጫ የአነስተኛውን ነጋዴ ትርፍ ይወስናል

ከቆቦ ሜዳ ሽንኩርት የጫነ አንድ ኢሱዙ አዲስ አበባ ለመድረስ 570 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ይጠበቅበታል። ሮቢትንና ጎብዬን፣ ወልድያን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ፣ ከሸዋሮቢት ቆላ ተነሥቶ የጣርማበርን ዳገት ከወጣ በኋላ ገና ደብረ ብርሃንና ሰንዳፋ ይቀሩታል። በዚህ ሁሉ መንገድ ባለጭነቱ የሚያስበው ስለ ኬላው፣ ስለ ጎማውና ስለ ነዳጁ ነው። ትርፍና ኪሳራውን የምትለየው ግን ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ የምትመጣው ጥያቄ ናት፤ መኪናው ከተማ ሲደርስ የት ይቁም?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መቶ መኪና ለሚያንቀሳቅስ ጅምላ አከፋፋይ በእርግጥም ቀላል ነው። የራሱ መጋዘን፣ የራሱ ጥበቃና የራሱ ደንበኛ አለው። አንድ መኪና ተከራይቶ፣ ግማሹን ገንዘብ ከዘመድ ተበድሮ ለሚመጣ የቆቦ ነጋዴ ግን የተሳሳተ ቦታ መቆም ማለት የአንድ ወቅት ድካም በሁለት ሌሊት ማጣት ማለት ነው።

ይህ ችግር የየብስ ነጋዴ ብቻ አይደለም። በትንሽ ጀልባ ወደ ትልልቅ የወደብ ከተሞች የሚሄዱ ሰዎችም ከመነሣታቸው በፊት ተመሳሳይ ሒሳብ ይሠራሉ። ለምሳሌ በለንደን መሐል የሚገኘው የቅድስት ካትሪን የጀልባ ማደሪያ በሩን የሚከፍተው የቴምዝ ወንዝ ከባሕሩ ጋር ሲሞላ፣ ያውም ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ሰዓቱ ያመለጠው ጀልባ ውኃው ጎድሎ እንደገና እስኪሞላ ድረስ ከደጅ ይቆማል። በመሆኑም ባለጀልባው አስቀድሞ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ በሩ መቼ ይከፈታል? ማደሪያው ስንት ያስከፍላል? ዕቃዬን ማን ይጠብቃል? የቆቦው ነጋዴ ጥያቄዎችም እነዚሁ ናቸው። ልዩነቱ የሱን በር የሚከፍትና የሚዘጋው የባሕር ውኃ ሳይሆን የከተማው የትራፊክ ሰዓት መሆኑ ነው።

ምርጫው ከየት መጣ?

በደርግ ዘመን የእህል ነጋዴ የት ላራግፍ ብሎ ብዙም አይጨነቅም ነበር። በኮታ የሚሰበሰበው እህል የሚሄደው ወደ እርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ነበርና የእህል ዝውውርም በኬላ የታጠረ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ኮታውና የዝውውር ገደቡ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ እህል የሚሄደው ዋጋ ወደጠራው ቦታ ሆነ፤ የአገሪቱን የእህል ዋጋ የሚያሳየው መስተዋትም የመርካቶው እህል በረንዳ ሆነ።

የራያ ቆላ በበኩሉ ሌላ ለውጥ አስተናገደ። አካባቢው ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው በማሽላው፣ በጤፉና በሰንጋው ነው። በ1990ዎቹ ሥራውን የጀመረው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የከርሰ ምድር ውኃ በጉድጓድ እያወጣ በጠብታና በርጭት መስኖ ለአርሶ አደሩ ማዳረስ ሲጀምር፣ ዝናብና ጎርፍ ብቻ ይጠብቅ የነበረው መሬት ሽንኩርትና ቲማቲም ማምረት ቻለ። ማሽላ በጎተራ ዓመት ይቆያል። ሽንኩርት ሳምንታት፣ ቲማቲም ደግሞ ቀናት ብቻ ይታገሣሉ። በመሆኑም ነጋዴው ከዚህ ቀደም ያልነበረበት የሰዓት ጭንቀት መጣበት።

የአዲስ አበባ ገበያም ባለበት አልቆየም። ለረጅም ዘመን የአትክልት ጅምላ ንግድ ማዕከል የነበረው የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ጃን ሜዳ ለ2013ቱ ጥምቀት እንዲለቀቅ ሲደረግ ግብይቱ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። ከዚያ በኋላም ከተማው በመግቢያ በሮቹ አካባቢ የግብርና ምርቶች መሸጫ ማዕከላትን ከፍቷል። ስለዚህ ቀድሞ “አትክልት ተራ” ብሎ ለሾፌር መንገር ይበቃ የነበረው ነጋዴ ዛሬ መምረጥ አለበት።

አራቱ ማረፊያዎች

ከወሎ መስመር የሚመጣ መኪና አዲስ አበባ የሚገባው በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በሰንዳፋና በለገጣፎ አድርጎ ነው። ይህ አቅጣጫ ማረፊያዎቹን ለማወዳደር ዋናው መነሻ ነው።

የመጀመሪያው ለሚ ኩራ ነው። በ2013 ዓ.ም. አሥራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ በተቋቋመው በዚህ አካባቢ ያለው የግብርና ምርቶች ገበያ ማዕከል ለወሎ መኪና የበር ላይ ገበያ ነው። ከተማውን ማቋረጥ አያስፈልግም፤ በዙሪያው ያሉት የአያትና የሲኤምሲ ሰፈሮች ደግሞ ብዙ ሸማች አላቸው። ጉድለቱ የገዢው ዓይነት ነው። ማዕከሉ በዋነኛነት የተቋቋመው ምርቱን ለሸማቹ ለማቅረብ በመሆኑ፣ ሙሉ መኪና በአንድ ጊዜ የሚያነሣ ገዢ ማግኘት የሚቻለው አስቀድሞ ከተነጋገሩ ብቻ ነው። ሳይነጋገር የደረሰ ነጋዴ ጭነቱን ሦስትና አራት ኩንታል እያደረገ ለመሸጥ ሊገደድ ይችላል።

ሁለተኛው ሃይሌ ጋርመንት ነው። ጅምላ ገዢው የሚበዛው እዚህ ነው። ሆቴል አቅራቢው፣ የጉሊት ነጋዴውና ወደ ሌሎች ከተሞች የሚጭነው ሁሉ ስለሚገናኙበት ሙሉ ጭነት በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። ይሁን እንጂ ቦታው የሚገኘው በከተማው ደቡብ ምዕራብ ነው። ከመቂና ከባቱ (ዝዋይ) የሚመጣው ሽንኩርት ከ200 ኪሎ ሜትር ያነሰ መንገድ ተጉዞ፣ በደቡብ በር ገብቶ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። የቆቦው መኪና ከሦስት እጥፍ በላይ ርቀት መጥቶ፣ በዚያ ላይ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ ነው ከሱ ጋር የሚወዳደረው። ግብይቱ ገና ሳይነጋ የሚጀምር በመሆኑም ንጋት ላይ የደረሰ ሻጭ የሚያገኘው የተረፈውን ገዢ ነው።

ሦስተኛው እህል በረንዳ ነው። ጤፍ፣ ማሽላና ሽምብራ የጫነ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ የዋጋ መረጃ የሚያገኝበት ቦታ የለም። በአንጻሩ ግን የመርካቶ መንገድ ጠባብ፣ ወረፋው ረጅም፣ የማውረጃና የመጫኛ ወጪውም ከባድ ነው። ማሽላን በተመለከተ ሌላም የሚታሰብ አለ። የአዲስ አበባ ሸማች እንጀራውን የሚጋግረው በዋናነት በጤፍ ስለሆነ፣ ማሽላ የሚፈለገው በአብዛኛው ለድብልቅ ዱቄት፣ ለጠላና ለአረቄ ነው። ስለዚህ የራያ ማሽላ የተሻለ ዋጋ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ማሽላ በሚበላበት በዚያው በወሎና በትግራይ ገበያ ነው።

አራተኛው የካራ የቁም እንስሳት ገበያ ነው። ኮተቤ ካራ በወሎ መግቢያ ላይ በመሆኑ የራያ ሰንጋ ለጫነ ነጋዴ ከቄራ፣ ከሸጎሌና ከአቃቂ ይልቅ ቅርብ ነው። ቅርብነቱ ከነዳጅ በላይ ዋጋ አለው። ከ1,500 ሜትር ዝቅ ካለ ሞቃት ሜዳ ተነሥቶ በአንድ ቀን የጣርማበርን ብርድ ያለፈ በሬ፣ መኪና ላይ በቆየ ቁጥር ይጎሳቆላል። ገዢ ደግሞ የሚከፍለው ዓይኑ ላየው አቋም ነው። ለበዓል የሚመጣ ነጋዴ ከብቱን ቢያንስ አንድ ቀን አሳርፎ፣ ውኃና ድርቆሽ አቅርቦ ቢያወጣው ይጠቀማል። ይህን የሚያስችል ማደሪያ አስቀድሞ ካልያዘ ግን ከመኪና በወረደበት ሰዓት የቀረበለትን ዋጋ ለመቀበል ይገደዳል።

ከፍተኛው ዋጋ ሁልጊዜ አትራፊ አይደለም

ነጋዴዎች በብዛት የሚሳሳቱት በስልክ የሰሙትን ከፍተኛ ዋጋ ብቻ ይዘው ሲሄዱ ነው። መታየት ያለበት ግን ወጪው ሁሉ ተቀንሶ እጅ ላይ የሚቀረው ነው። ይህን በምሳሌ ማየት ይቻላል፤ አሃዞቹ ለስሌት ማሳያ እንጂ የሳምንቱ ዋጋ አይደሉም።

60 ኩንታል ሽንኩርት የጫነ መኪና አለ እንበል። በበሩ ገበያ ኩንታሉ 4,000 ብር፣ ሃይሌ ጋርመንት ደግሞ 4,200 ብር ነው። የ200 ብር ልዩነት በ60 ኩንታል 12,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ማንንም ያጓጓል። ነገር ግን መኪናው የደረሰው ጠዋት ቢሆንና የጭነት መኪና እንዲንቀሳቀስ እስኪፈቀድ ድረስ ቀኑን ሙሉ ቢቆም፣ ሸቀጡን የሚያራግፈው በማግስቱ ነው። ለተጨማሪ የመኪና ቀን 5,000 ብር፣ ለጥበቃና ለማሳደሪያ 1,000 ብር፣ ከተማውን ለማቋረጫ ነዳጅ 1,500 ብር ይወጣል። በሸራ ታፍኖ የዋለው ሽንኩርት በክብደትና በብልሽት 3 ከመቶ ቢቀንስ 1.8 ኩንታል ይጠፋል፤ በ4,000 ብር ሲሰላ 7,200 ብር ነው። ድምሩ 14,700 ብር ይመጣል። 12,000 ብር ፍለጋ የሄደው ነጋዴ በበሩ ቢሸጥ ከሚያገኘው 2,700 ብር ያነሰ ይዞ ይመለሳል።

ያው መኪና ሌሊት ገብቶ በዚያው ሌሊት ቢያራግፍ ደግሞ ከ12,000 ብሩ የሚቀነሰው የማቋረጫው 1,500 ብር ብቻ ነው፤ 10,500 ብር ይቀራል። ስለዚህ በሁለቱ ገበያዎች መካከል የሚያስመርጠው የዋጋው ልዩነት ብቻ ሳይሆን የመድረሻው ሰዓትም ጭምር ነው።

ሰዓቱ የሚጀምረው ከቆቦ ነው

የተጫነ ኢሱዙ በአማካይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ቢባል፣ ከቆቦ አዲስ አበባ ከ14 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ለፍተሻና ለምግብ የሚያጠፋው ጊዜ ሲጨመር 15 ሰዓት ያልፋል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ መንገዱን ለሁለት መክፈል የሚመረጠው። ከማለዳው 12 ሰዓት ቆቦን የለቀቀ መኪና፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ከ440 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ወደ ማታው ደብረ ብርሃን ይደርሳል። እዚያ ሾፌሩ ያርፋል፣ ሸራው ይገለጣል፣ ጎማው ይታያል። የሌሊት ጉዞ የሚፈቀድ ከሆነ እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥቶ የቀረውን 130 ኪሎ ሜትር ጨርሶ ገበያው ሲሟሟቅ መግባት ይችላል። የማይፈቀድ ከሆነ ደግሞ ከተማው ደጅ፣ ሰንዳፋ ወይም ለገጣፎ ቀርቦ ማደር ይሻላል።

የከተማው አስተዳደር የጭነት መኪናዎች በዋና ዋና መንገዶች ላይ በቀን እንዳይንቀሳቀሱ የሚገድብበት ሰዓት በየጊዜው ይሻሻላል። እንደ መኪናው የመጫን አቅምም ይለያያል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የሠራው ሰዓት ዘንድሮም ይሠራል ብሎ መጫን አያዋጣም። ከመነሣት በፊት በዚያው ሳምንት ከገባ ሾፌር መጠየቅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

የመንገዱም ጉዳይ አለ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ቆቦ ራሷ የውጊያ ቦታ ነበረች፤ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው ዳግም ሲቀሰቀስም የመጀመሪያው ተጎጂ ይኸው አካባቢ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ደግሞ መንገዱ በተለያዩ ጊዜያት ተዘግቷል። ቲማቲም ጭኖ አንድ ቀን የቆመ መኪና ኪሳራው ሊቻል ይችል ይሆናል፤ ሦስት ቀን የቆመ ግን የሚያራግፈው ለከብት መኖ ነው። የመንገዱ ሁኔታ በሚያጠራጥርበት ሳምንት ቲማቲሙን ለወልድያና ለደሴ አውጥቶ፣ ሽንኩርቱን ብቻ ለአዲስ አበባ ማስቀረት ብልህነት ነው። ሽንኩርቱም ቢሆን ከተነቀለ በኋላ አንገቱ እስኪደርቅ በጥላ ሥር በደንብ ካልጠወለገ መንገዱን አይችለውም። ከማሳ ወጥቶ በዚያው ቀን የተጫነ ሽንኩርት፣ ቦምቤይ ሬድም ይሁን ሌላ ዝርያ፣ ጆንያ ውስጥ ያልባል፤ ያላበው ይበሰብሳል።

ደላላው እንደ ወደብ ጠባቂ

ለእንግዳ ነጋዴ የማረፊያው ግማሽ ደላላው ነው። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን በኢትዮጵያ የእህል ገበያ ላይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም የታተመው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው። የክፍለ ሀገር ነጋዴ ከማያውቀው ገዢ ጋር ከሚጋፈጥ ይልቅ በአዲስ አበባ የሚያውቀውን ደላላ ይዞ ይቆያል፤ ደላላውም የሚከፈለው በኩንታል ተቆርጦ ነው። በኩንታል የሚከፈል ደላላ ጥቅሙ ጭነቱ ቶሎ እንዲያልቅ እንጂ ዋጋው እንዲወደድ አይደለም። በመሆኑም ደላላው “ዛሬ ሽጥ” ሲል ምክሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ከራሱ ጥቅም ጋር የሚገጥም መሆኑን ግን ሻጩ መርሳት የለበትም።

ከዚህ የተነሣ አንድ ደላላን ይዞ፣ ዋጋውን ግን ከሁለት ሌሎች ሰዎች መጠየቅ የቆየ የገበያ ብልሃት ነው። ከመጫን በፊት አንድ ስልክ ወደ ለሚ ኩራ፣ አንድ ወደ ሃይሌ ጋርመንት፣ አንድ ደግሞ ወደ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ መደወል ይገባል። ከዋጋው በተጨማሪ የሚጠየቁት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ሚዛኑ የማን ነው? ለቆሻሻና ለጆንያ ስንት ይቀነሳል? ክፍያው በእጅ ነው፣ በባንክ ወይስ በዱቤ? ያልተሸጠ ቢያድር ማን ይጠብቀዋል? እነዚህን ሳይጠይቅ ጭኖ የወጣ ነጋዴ መልሱን የሚሰማው መኪናው በሩ ላይ ቆሞ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ገዢው ሁሉ ሻጩ መመለሻ እንደሌለው ያውቃል።

አዲስ አበባ ግዴታ አይደለም

ለቆቦ ነጋዴ ከአራቱ ማረፊያዎች ሌላ አምስተኛ ምርጫ አለ፤ ጭራሽ አዲስ አበባ አለመግባት። ደሴ 170 ኪሎ ሜትር፣ መቀሌ ከ200 ኪሎ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ርቀት ላይ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የሰሜኑ ገበያ እንደገና ተከፍቷል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ነዳጅ በተደጋጋሚ በመወደዱ፣ አጭሩ መንገድ የሚሰጠው ጥቅም ከቀድሞው ይበልጣል።

አዲስ አበባ በእርግጠኝነት የምታዋጣው በሁለት ወቅት ነው። አንደኛው የበዓል ዋዜማ ነው፤ ለዶሮ ወጥ የሚከተፈው ሽንኩርትም ሆነ ለቅርጫ የሚታረደው ሰንጋ የሚፈለገው ያኔ ነው። ሁለተኛው ቅርብ ያሉት የስምጥ ሸለቆ ማሳዎች ምርታቸውን የጨረሱበት ጊዜ ነው። መስኖው ሁሉ በአንድ ጊዜ በሚደርስባቸው ከጥር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ግን ሁሉም ሻጭ ወደ አንድ በር ስለሚገፋ ዋጋው ይወድቃል፤ ከሩቅ የመጣው ደግሞ ቀድሞ ይጎዳል።

ለባለሀብቱም እዚህ ላይ የሚታይ ክፍተት አለ። በሰሜን ምሥራቁ በር አካባቢ አየር የሚገባው የሽንኩርት ማቆያ፣ አጥርና መብራት ያለው የመኪና ማሳደሪያ፣ ሰው የሚያምነው ሚዛንና የከብት ማሳረፊያ በረት ቢኖር፣ ነጋዴው በየሌሊቱ ከሚያጣው ገንዘብ ላይ በደስታ ይከፍላል። ከላይ በቀረበው ስሌት የአንዲት ቀን መዘግየት 13,200 ብር አስወጥታለች። ከዚያ ውስጥ አንድ አራተኛውን የሚያስከፍል፣ ቀሪውን ግን የሚያድን ማቆያ ደንበኛ አያጣም።

“ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” እንደሚባለው፣ በችኮላ የተጫነ ጭነት በችኮላ ይራገፋል። የቆቦው ነጋዴ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት የበሩን ሰዓት፣ የማደሪያውን ዋጋና የጠባቂውን ማንነት ካወቀ፣ ትልቁ ገበያ ለአንድ መኪና ባለቤትም ቦታ አለው።